አዲስ ላፕቶፕ ገዝቼ ዋይፋዩ እየተቆራረጠ ሁለት ወር ያንገላታኝ ነገር

ይሄን ምጽፈው ምናልባት አንድ ሰው እንደኔ ላፕቶፑን ተሸክሞ ከሱቅ ሱቅ መዞር ሳይጀምር ያየዋል ብዬ ነው። ባህር ዳር ሽምብጥ ነው ምኖረው፣ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ከቤት ሆኜ የሂሳብ ስራ እሰራለሁ፣ ስለዚ ኢንተርኔት ለኔ እንጀራዬ ነው። አሮጌው ላፕቶፔ ሰባት አመት አገልግሎኝ ባትሪውም ኪቦርዱም ሲያልቅ ብር ሳጠራቅም ቆይቼ ታህሳስ ላይ አዲስ ገዛሁ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ዊንዶውስ 11 ያለበት። የመጀመሪያ ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በሁለተኛው ቀን ስብሰባ ላይ እያለሁ ድምጽ ቆመ፣ የሰዎቹ ፊት ደርቆ ቀረ፣ ከዛ ዋይፋዩ ራሱ ጠፋና ከደቂቃ በኋላ ተመለሰ። መብራት ነው ብዬ ቀና ስል አምፖሉ በርቷል። እንደዛ ነው የጀመረው።

ከዛ በኋላ ማታ ማታ ይብሳል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም ሳይሆን ይውላል። እኔን ያደናገረኝ ይሄ ነው፣ ሁሌ ቢበላሽ ቀላል ነበር፣ ሲፈልግ የሚበላሽ ነገር ግን ሰው አያምናችሁም። ስልኬ እዛው ጠረጴዛ ላይ፣ በዛው ዋይፋይ፣ ቪዲዮ ያለምንም ችግር ያጫውታል። ላፕቶፑ ላይ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው ግን ገጽ አይከፍትም።

ሰው ሁሉ የራሱን ነገረኝ። አከራዬ እማማ «ልጄ የሀይቁ እርጥበት ነው፣ ይሄ ሰፈር ብረትም አይበረክትበት» አሉኝ። የስራ ጓደኛዬ ራውተር ቀይሪ አለችኝ። የገዛሁበት ሱቅ ስወስደው ከፍተው አዩትና እዛ በደንብ ሰራ፣ «እህቴ ላፕቶፑ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ መስመርሽ ነው» ብለው መለሱኝ። ሌላ ጥገና ቤት ደግሞ ዊንዶውሱ ነው ብለው 600 ብር ተቀብለው ፎርማት አደረጉልኝ። ቤት ስመለስ ያው ነው፣ እንዲያውም ባሰበት ምክንያቱም ከፎርማቱ በኋላ የዋይፋይ ድራይቨሩ (ዊንዶውሱን ከዋይፋይ ካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ከነአካቴው አልነበረም፣ የዋይፋይ ምልክቱ ራሱ የለም። በነገራችን ላይ እንደዚህ ከገጠማችሁ አትደንግጡ፣ ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን አብሩት፣ ላፕቶፑ ያለ ምንም ዋይፋይ በስልካችሁ ዳታ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ከዛ ከላፕቶፑ አምራች ድረገጽ የሞዴላችሁን ቁጥር አስገብታችሁ የዋይፋይ ድራይቨሩን አውርዱ። ዊንዶውስ በራሱ የሚጭነው ድራይቨር አንዳንዴ የቆየ ነው፣ የአምራቹ ይሻላል። እኔ ይሄን አድርጌ ትንሽ መሻሻል አየሁ፣ ግን አልጠፋም።

አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ ላፕቶፑን ብቻ በቦርሳ ይዤ ጣና ዳር ካሉት ካፌዎች አንዱ ጋ ሄድኩ። ከሰዓት ነበር፣ ንፋሱ ከሀይቁ ይመጣል፣ ማኪያቶ አዝዤ የካፌውን ዋይፋይ ፓስወርድ ጠየቅኩ፣ ሶስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ ስሰራ አንዴም አልተቆረጠም። ሀይቁ አፍንጫዬ ስር ነው፣ እርጥበቱም እዛው ነው። በነገራችን ላይ ቤት ውስጥ በጥቂት ሜትር ርቀት የአየር እርጥበት ለዋይፋይ ይሄ ነው የሚባል ነገር አያደርግም፣ ስለዚ ባህር ዳር ያላችሁ ሰዎች ሀይቁን ተዉት። እኔ ግን ያን ቀን የደመደምኩት ሌላ ስህተት ነበር፣ «በቃ የቤቴ ራውተር ነው የተበላሸው» አልኩ። አዲስ ራውተር ልገዛ ብር ቆጥሬ አውጥቼ ነበር።

ያዳነኝ ወንድሜ ነው። ፖሊ ቴክኒክ የተማረ ነው፣ አሁን ሌላ ከተማ ነው የሚሰራው፣ ስደውልለት መጀመሪያ የጠየቀኝ «የሚቆረጠው የትኛው ነው?» ነው። ዋይፋይ ተቆረጠ የምንለው ነገር ሁለት የተለያየ መንገድ ነው አለኝ፣ አንዱ ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ ያለው አየር ላይ ያለው መንገድ ነው፣ ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ውጪ ያለው መስመር ነው። ሁለቱን ሳትለዪ ምንም ነገር እንዳትገዢ አለኝ። እኔ እስከዛ ቀን ድረስ ሁለቱን ለይቼ አስቤ አላውቅም ነበር፣ አብዛኛው ሰውም አይለይም መሰለኝ።

የሚለየው እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሲኤምዲ የምትባለውን ጥቁሯን መስኮት ክፈቱ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ፒንግ (መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ የሚያሳይ ትዕዛዝ ነው) ብላችሁ ስፔስ ከዛ የራውተራችሁን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው (ራውተሩ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ)፣ ከዛ ስፔስ ሰረዝ እና የቲ ፊደል። ቲ ካላስገባችሁ አራት ጊዜ ብቻ ልኮ ያቆማል፣ ቲ ካለ ግን ኮንትሮልና ሲ እስክትጫኑ ድረስ አያቆምም። ሌላ ጥቁር መስኮት ከፍታችሁ ደግሞ በራውተሩ አድራሻ ፈንታ 8.8.8.8 አስገቡ፣ ይሄ የጉግል ነው፣ ውጪ ያለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስራችሁን ስሩ። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ቀና ብላችሁ እዩ፣ የራውተሩ እየመለሰ የውጪው ብቻ ሪኩዌስት ታይምድ አውት (መልስ አልመጣም ማለት ነው) ካለ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው፣ ላፕቶፑን አትንኩት። የራውተሩም አብሮ ከጠፋ ግን ችግሩ ቤታችሁ ውስጥ ነው፣ ለማንም ብትደውሉ ምንም አያደርግላችሁም።

የኔ የራውተሩም አብሮ ይጠፋ ነበር። በጤናው ሰዓት 2፣ 3፣ 4 ሚሊሰከንድ የሚለው ድንገት 400፣ 900 ይሆንና ከዛ ታይምድ አውት እየደረደረ ይወርዳል። ራውተሩ እኮ ከግድግዳው ወዲያ ነው፣ አንድ ግድግዳ! እዛው እያለሁ ወንድሜ ሌላ ነገር አስጻፈኝ፣ ኔትሽ፣ ደብልዩላን፣ ሾው፣ ኢንተርፌስስ (netsh wlan show interfaces) የሚሉትን አራት ቃላት በስፔስ እየለያችሁ ስትጽፉ ላፕቶፑ አሁን በምን እንደተገናኘ ያወጣላችኋል። ሲግናል 78 ፐርሰንት ይላል፣ ጥሩ ነው። ቻናል የሚለው ግን 6 ይላል። «6 ከሆነ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነሽ ማለት ነው» አለኝ፣ የራውተሬ ዋይፋይ የሚሄድባቸው ሁለት የሬዲዮ ሞገዶች አሉ፣ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ። ስልኬን ሳየው 5 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። ራውተሩ ሁለቱንም በአንድ ስም ስለሚያሰራጭ ስልኩ አንዱን፣ ላፕቶፑ ሌላውን መርጠው ቁጭ ብለዋል፣ እኔ አንድ ዋይፋይ መስሎኝ ነው ሳወዳድራቸው የከረምኩት።

(ይሄ 5 ጊጋኸርዝ የስልክ 5ጂ ከሚባለው ጋር ምንም አይገናኝም፣ ብዙ ሰው ያምታታዋል፣ ራውተሬ 5ጂ ነው የሚል ሰው ሁለት ሶስት አጋጥሞኛል።)

2.4 ጊጋኸርዝ ማለት ግድግዳ ሰብሮ ሩቅ ይሄዳል ግን ጠባብና የተጨናነቀ መንገድ ነው። ቻናሎቹ፣ ማለትም መንገዱ የተከፈለባቸው መስመሮች፣ በስም ብዙ ቢሆኑም እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፣ ብሉቱዝም፣ ገመድ አልባ ማውስም፣ ማይክሮዌቭም እዛው ሰፈር ናቸው። የኛ ግቢ ውስጥና ጎረቤት ያሉትን ስቆጥር 14 ዋይፋይ ይታየኛል፣ ግማሹ ቻናል 6 ላይ ነው። ራውተሮች ብዙዎቹ ሲበሩ ራሳቸው ናቸው ቻናል የሚመርጡት፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሁሉም አንድ ላይ ተነስተው እንደገና ይመርጣሉ፣ ለዛ ነው አንዳንድ ቀን ሰላም የሚሆነው አንዳንድ ቀን የሚብሰው ብዬ አመንኩ። ራውተሩ ውስጥ ገብቼ ቻናሉን ከአውቶ አውጥቼ 11 ላይ አሰርኩት። ተሻለ። ግን አሁንም ማታ ማታ ይሞታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ቅዳሜ ማታ ሶስት ሰዓት አካባቢ ነው። ማታ ማታ የደንበኞቼን ፋይል ወደ ሀርድ ዲስክ እገለብጣለሁ፣ አዲሱ ላፕቶፕ ቀጭን ስለሆነ የዩኤስቢ ቀዳዳው ሁለት ብቻ ነው፣ ለዛ ብዬ አብሬ ሀብ (አንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ ብዙ የምታደርግ ዕቃ) ገዝቼ ነበር፣ ጥቁር፣ ገመዷ አንድ ስንዝር የማትሞላ፣ ከስክሪኑ ማጠፊያ ጎን በግራ በኩል ነው የምትሰካው፣ ማውሱም በሷ በኩል ነው። የፒንጉን መስኮት ሳልዘጋው ረስቼው ነበር። መገልበጥ ስጀምር የሀርድ ዲስኳ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረች፣ በዛው ቅጽበት ፒንጉ ታይምድ አውት፣ ታይምድ አውት፣ ታይምድ አውት። ማውሱም ሲንቀሳቀስ እየተንገጫገጨ ነው፣ ይሄን የማውስ ነገር ከበፊትም አይቼው ነበር ግን ባትሪው አልቆበት ነው ብዬ ትቼው ነበር። መገልበጡ አለቀ፣ መብራቷ ረጋች፣ ፒንጉ 3፣ 2፣ 3። እጄ እየተንቀጠቀጠ እንደገና አንድ ትልቅ ፋይል ገለበጥኩ። ታይምድ አውት። ሀቧን ነቀልኳት። 2፣ 3፣ 2፣ 2። ሰካኋት። 180፣ 640፣ ታይምድ አውት። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ፣ አንዴም አልሳተም። ለወንድሜ በዛ ሰዓት ደወልኩለት፣ ተኝቶ ነበር፣ ስነግረው ራሱ «በፍጹም አላሰብኩትም» አለኝ።

ለካ የታወቀ ነገር ነው። የኔ ሀብና ሀርድ ዲስክ ዩኤስቢ 3 ናቸው፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ ዳታ የሚያስተላልፈው በጣም ፈጣን በሆነ ፍጥነት ስለሆነ ከገመዱና ከመሰኪያው የሚያፈስሰው የሬዲዮ ጩኸት 2.4 ጊጋኸርዝንም ያዳርሳል፣ የኮምፒውተር ቺፕ ሰሪው ኢንቴል ራሱ በ2012 እንደ ፈረንጆች ይሄን የሚያስረዳ ጽሁፍ አውጥቷል። ገመዱ ወይም ሀቡ በደንብ ካልተሸፈነ፣ በተለይ ደግሞ ከላፕቶፑ አንቴና አጠገብ ከሆነ፣ ዋይፋዩን ያደነቁረዋል። አንቴናው ደግሞ ብዙ ላፕቶፕ ላይ ስክሪኑ ዙሪያ ወይም ማጠፊያው አካባቢ ነው ያለው፣ የኔ ሀብ ቁጭ ያለችውም እዛው ነው። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ የማይሰራው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፣ ጊዮርጊስ በንግስ ቀን ከበሮ ከሚመታው ሰው አጠገብ ቆማችሁ አንድ ሰው ከፊት ለፊት ቢያወራችሁ የሰውየው ድምጽ አልቀነሰም እኮ፣ ከበሮው ጆሯችሁ ስር ስለሆነ ነው የማትሰሙት። ሲግናል የሚለው ቁጥር የሰውየውን ድምጽ ነው የሚለካው፣ ከበሮውን አያሳያችሁም።

ካፌው ጋ ለምን ሰራ? ሀቧን ቤት ትቻት ስለሄድኩ ነው። ሱቁ ጋ ለምን ሰራ? ላፕቶፑን ብቻ ነው የወሰድኩላቸው። ስልኬ ለምን ሰራ? 5 ጊጋኸርዝ ላይ ስለሆነ ጩኸቱ አይነካውም። ሁለት ወር ሙሉ ማስረጃው ፊቴ ተቀምጧል። ያ ራውተር ምንም አላጠፋም ነበር።

መፍትሄው ርካሽ ነው። አንድ ሜትር የምትሆን የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ገዝቼ ሀቧንና ሀርድ ዲስኳን ከጠረጴዛው ጫፍ ወሰድኳቸው፣ የማውሷን ትንሿን መሰኪያ ደግሞ ከሀቧ አውጥቼ በቀኝ በኩል ለብቻዋ ሰካኋት። ይሄ ብቻውን አብዛኛውን ፈታው። ሀርድ ዲስክ ሳይሆን ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ፕሪንተር ከሆነ የምትሰኩት ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ዩኤስቢ 3 ነው፣ ጥቁሩ 2 ነው፣ ሁሌ ባይሆንም። ሀብ ስትገዙ ደግሞ በጣም ርካሿን አትግዙ፣ የኔዋ ቀላልና ፕላስቲክ ብቻ ነበረች።

ከዛ ላፕቶፑን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ለማዞር ፈለግኩ። ዲቫይስ ማናጀር፣ ኔትወርክ አዳፕተርስ፣ የዋይፋይ ካርዱ ላይ ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ፣ እዛ ውስጥ ፕሪፈርድ ባንድ የሚል አለ፣ ፕሪፈር 5 ላይ አደረግኩት። ስሙ እንደ ካርዱ ይለያያል፣ ሁሉም ላይም ላይኖር ይችላል፣ ከሌለ ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ የሁለቱን ስም ለዩትና ላፕቶፑን 5 የሚለው ጋ ብቻ አገናኙት። ግን 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ አይወድም፣ የኛ ቤት ብሎኬት ነው፣ ራውተሩ ደግሞ እንደማንኛውም ቤት ቡፌው ውስጥ ከቲቪው ጀርባ ከሪሲቨሩ ጋር ታጭቆ ነበር ያለው፣ ላፕቶፑ ጋ ሲደርስ ሲግናሉ 38 ፐርሰንት ነው። ራውተሩን አውጥቼ ቡፌው አናት ላይ በሩ ፊት ለፊት ሳደርገው 71 ሆነ። አንድ ሜትር ተኩል አልተንቀሳቀሰም እኮ! ያማረ አይደለም፣ ዳንቴሉ ላይ ጉብ ብሎ ይታያል፣ እማማ ሲመጡ ሁሌ «ይሄን ነገር ደብቂው» ይሉኛል፣ እኔ ግን አልነካውም።

አንድ የቀረች ነገር ነበረች፣ መብራት ሲሄድ። ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) አለኝ ስለዚ እሱ አይጠፋም፣ ላፕቶፑ ግን ወደ ባትሪ ሲዞር ዋይፋዩ ይደክማል፣ አልፎ አልፎም ይለቃል። ይሄኛው የኤሌክትሪክ ቁጠባ ነው። እዛው ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የካርዱ ፕሮፐርቲስ ላይ ፓወር ማኔጅመንት የሚል ገጽ ካለ፣ ኮምፒውተሩ ባትሪ ለመቆጠብ ይሄን ዕቃ እንዲያጠፋው ይፈቀድ የሚለውን ራይት አንሱት። ሌላው ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ፣ የፕላኑ አድቫንስድ ሴቲንግ፣ ዋየርለስ አዳፕተር ሴቲንግስ፣ ኦን ባተሪ የሚለውን ማክሲመም ፐርፎርማንስ አድርጉት። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ እነዚህ ሁለቱ ተደብቀው ሊሆን ይችላል፣ ካላገኛችሁት የናንተ ጥፋት አይደለም፣ ባትሪ ሴቨር የሚለውን ብቻ አጥፉት። ባትሪው ትንሽ ቶሎ ያልቃል፣ እኔ ግን ስብሰባ መሀል ከምጠፋ ይሻለኛል።

ኔትወርክ ሪሴት የሚለውን ብዙ ሰው መጀመሪያ ያደርገዋል፣ እኔ መጨረሻ ላይ አድርጉት ነው የምለው፣ ምክንያቱም ያስቀመጣችሁትን የዋይፋይ ፓስወርድ ሁሉ ያጠፋዋል፣ ቪፒኤን ካላችሁም እንደገና ነው የምታስገቡት። ሌላ ጠቃሚ ነገር፣ ሲኤምዲን በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ ኔትሽ ደብልዩላን ሾው ደብልዩላንሪፖርት ብትሉት ያለፉትን ሶስት ቀናት የዋይፋይ ታሪክ በግራፍ ያወጣላችኋል፣ መቼ ተገናኘ፣ መቼ ተቆረጠ፣ ለምን ተቆረጠ። እኔ በኋላ ስከፍተው ቀያዮቹ ነጥቦች የተደረደሩት ማታ ፋይል የምገለብጥበት ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ ከፍቼው ቢሆን 600 ብሩም ይቀር ነበር።

ገና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ብር ሳትከፍሉ ሱቅ ውስጥ እያላችሁ ሲኤምዲ ከፍታችሁ ኔትሽ ደብልዩላን ሾው ድራይቨርስ በሉት። ሬዲዮ ታይፕስ ሰፖርትድ በሚለው መስመር ላይ 802.11ኤሲ ወይም ኤኤክስ ካለ ካርዱ 5 ጊጋኸርዝ ይችላል፣ ቢ ጂ ኤን ብቻ ከሆነ ግን ምናልባት 2.4 ላይ ብቻ ነው የምትኖሩት፣ አዲስ ተብለው በርካሽ የሚሸጡ አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ እንደዚህ አይነት ካርድ አለ። ሻጩ ከተከፋ ይከፋ፣ ሰላሳ ሰከንድ ነው የሚወስደው። የያዛችሁት ላፕቶፕ እንደዛ ከሆነም መጣል አያስፈልግም፣ ትንሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ 5 ጊጋኸርዝ የሚችል ገዝታችሁ መሰካት ይቻላል፣ ብቻ እሱንም ከሀርድ ዲስኩ አርቃችሁ።

አሁን የካቲት ነው፣ ይሄን ስጽፍ ራሱ ፒንጉ ጎን ላይ ክፍት ነው፣ ሀርድ ዲስኳ ከጠረጴዛው ጫፍ ሆና እየገለበጠች ነው፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3 እያለ ይወርዳል።